በካርዱ ላይ ያልተጻፈው ቃል
የፆታ ማንነት ሕክምና ታካሚዎቹን መጠየቅ የጀመረበት ታሪክ

በለገጣፎም ሆነ በሱሉልታ፣ በቡራዩም ሆነ በሰበታ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን ሳይሆን የካርድ ክፍሉን መስኮት ነው። በዚያ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውንና የሚኖርበትን ቀበሌ ይጠየቃል። ፆታውን ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የለም፤ መዝጋቢው ቀና ብሎ ያየውና «ወ» ወይም «ሴ» ብሎ ይሞላል። ለአብዛኛው ሕዝብ ይህ ጊዜ የሚቆጥብ ተራ የጽሕፈት ሥራ ነው። የተሞላው ፊደል ራሱን ከሚያውቅበት ማንነት ጋር ለማይገጥምለት ሰው ግን ምርመራው ገና ሳይጀመር አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይጠየቅ ታልፏል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሰው የሚሰፍርባቸው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ገና የማይተዋወቅባቸው ሠፈሮች የበዙባቸው በመሆናቸውም፣ ባለሙያው በዚያ መስኮት ማን እንደሚቀርብ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ስለ ምን እንደሚነገር መለየት ይገባል። ትራንስጀንደር የሚባሉት ሲወለዱ የተመዘገበላቸው ፆታና ራሳቸውን የሚያውቁበት ፆታ የማይጣጣሙላቸው ሰዎች ናቸው። ይህ በአካል አፈጣጠር የሁለቱም ፆታ ምልክት የሚታይባቸውን፣ በተለምዶ ፍናፍንት የሚባሉትን ሰዎች አይመለከትም። በተመሳሳይ ፆታ መካከል ስለሚኖር የፍቅር ዝንባሌም አይደለም። ሦስቱ ጉዳዮች በሕክምና ተቋማት ውስጥ ሳይቀር ሲደበላለቁ መኖራቸው የዚህ ታሪክ አንዱ ክፍል ነው።

ቋንቋችን ራሱ ለነገሩ ባዳ አይደለም። «ጾታ» በግዕዝ ወገን፣ ዓይነት፣ ክፍል ማለት ነበር፤ ወንድነትንና ሴትነትን ለይቶ ማመልከቱ ኋላ እየገነነ የመጣ ነው። ማኅበራዊውን ድርሻ ከአካሉ ለመለየት «ሥርዓተ ፆታ» የተባለው ስያሜም ገና የቅርብ ጊዜ ነው። የአገሩ ሰው በበኩሉ «ወንዳገረድ» እና «ወንዳወንድ» የሚሉ ቃላትን ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀም ኖሯል። ቅጽሎቹ ብዙ ጊዜ ለማሽሟጠጫ የሚውሉ ስለሆኑ ሐኪም በካርድ ላይ ሊጽፋቸው አይገባም። ይሁን እንጂ ቃል ያለ ነገር አይወጣምና፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች በመካከላችን እንደነበሩ ይመሰክራሉ።

ከዚህ የጠራ ማስረጃ ከደቡብ ይገኛል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዶናልድ ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በደቡብ ኦሞ በማሌ ሕዝብ መካከል ተቀምጠው ባደረጉት ጥናት፣ ወንድ ሆነው ተወልደው የሴት ልብስ የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩና የራሳቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ «አሽቲሜ» የተባሉ ሰዎች እንደነበሩ መዝግበዋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አሽቲሜዎች በማሌ ንጉሥ ግቢ ተሰብስበው በንጉሡ ጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር። ዶንሃም በደረሱበት ጊዜ ግን የአገሩ ሰዎች ነገሩ እየጠፋ የመጣ ብርቅ መሆኑን ደጋግመው ሊያስረዷቸው ይጥሩ ነበር። ዶንሃም ግን በሌሎች ሰዎች ገለጻ ሳይረኩ ከአሽቲሜ ራሳቸው ቃል ተቀብለው ስለ አፈጣጠራቸው የሚሉትን ጽፈዋል። የጠየቀው ሰው ሐኪም አልነበረም፤ የተጠየቁትም ሰዎች ሕክምና ፈልገው አልመጡም። በኢትዮጵያ ምድር ይህን የመሰለ ሰው ስለ ራሱ ተጠይቆ የሰጠው ቃል በመጽሐፍ ሲሰፍር ከሚታወቁት ጥቂት ጊዜያት አንዱ ግን ይህ ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ ጉዳዩ ተሰብስቦ መጻፍ የጀመረው በአውሮፓ ነው። ሪቻርድ ፎን ክራፍት ኤቢንግ የተባሉ የኦስትሪያ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ወሲባዊ ጠባያት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የተዘጋጀው ለፍርድ ቤት ሐኪሞችና ለዳኞች ሲሆን፣ ተራ አንባቢ እንዳይደፍረው ተብሎ አሳፋሪ የተባለው ክፍል በላቲን ተጽፎ ነበር። ሆኖም መጽሐፉ ስለ እነርሱ የሚናገራቸው ሰዎች አንብበውት ለደራሲው ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። ክራፍት ኤቢንግም ደብዳቤዎቹን በየእትሙ እያስገቡ መጽሐፉን አደለቡት። ከእነዚህ መካከል ረጅሙና ዝርዝሩ የአንድ የሃንጋሪ ተወላጅ ቃል ነው፤ ጸሐፊው ራሳቸው ሐኪምና ባለትዳር ሲሆኑ፣ በወንድ አካል ውስጥ እንደ ሴት ሆነው እንደሚኖሩ በሙያ ቋንቋ አንድ በአንድ ይተርካሉ። በዚህ መስክ ከታተሙት ቀደምት የታካሚ ቃሎች አንዱ የአንድ የሙያ ባልደረባ ኑዛዜ መሆኑን ልብ ይሏል። ክራፍት ኤቢንግ ግን ይህን ሁሉ ቃል ተቀብለው መጨረሻ ላይ የሰጡት ስም እብደት የሚል ነበር።

ቃሉን ተቀብሎ ወደ አገልግሎት የለወጠው ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለው የበርሊን ሐኪም ነው። ሂርሽፌልድ እ.ኤ.አ. በ1910 የ17 ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ይዞ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሌላውን ፆታ ልብስ መልበስና ከተመሳሳይ ፆታ ጋር መፋቀር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከባለታሪኮቹ አንደበት አስረዳ። ዛሬ ቀላል መስሎ የሚታየው ይህ ልዩነት በሐኪሞች መካከል በክርክር ሊገኝ አልቻለም ነበር፤ የተገኘው በጥያቄ ነው። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1919 በበርሊን የወሲብ ሳይንስ ተቋም ከፈተ። ተቋሙ ከመቶ በላይ ጥያቄዎች የያዘ መጠይቅ አዘጋጅቶ ለሚመጡት ሰዎች ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ መጠይቁ ከልጅነት ጨዋታ እስከ ሕልም፣ ከእጅ ጽሕፈት እስከ ቤተ ዘመድ ጤንነት ድረስ ይዘረዝራል። በልብሳቸው ምክንያት በመንገድ ላይ የሚያዙ ሰዎችም ፖሊስ እንዳያስቸግራቸው በሐኪሙ ምስክርነት የፈቃድ ወረቀት ያገኙ ነበር። ወረቀቱ የበሽታ መድኃኒት አልነበረም፤ የተሰጠው ሰዎቹ «የሚያሳምመን ይህ ነው» ያሉት ነገር በመንገድ ላይ ያለው ፖሊስ ስለነበረ ነው።

በዚያ ተቋም ውስጥ ዶራ ሪኽተር የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከገጠር የገበሬ ቤተሰብ የወጡ ሲሆኑ በተቋሙ በቤት ሠራተኛነት ይተዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 የመጀመሪያው፣ በ1931 የመጨረሻው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1933፣ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 28 ቀን 1925፣ የናዚ ተማሪዎች ተቋሙን ወረሩት፤ ከአራት ቀን በኋላም ቤተ መጻሕፍቱ በአደባባይ ተቃጠለ። ሂርሽፌልድ በውጭ አገር ስለነበረ ከሞት ተርፎ እ.ኤ.አ. በ1935 በፈረንሳይ በስደት ሞተ። ዶራ ሪኽተር በዚያ ወረራ እንደተገደሉ ለዘጠና ዓመት ያህል ሲጻፍ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት መዛግብት ተፈትሸው ግን ሴትየዋ ከዚያ ዕለት ተርፈው እስከ 1966 ድረስ በሕይወት እንደኖሩ ተረጋግጧል። ታካሚው ራሱ ሳይጠየቅ በሌሎች ሲጻፍለት ሞቱም ሳይቀር በስሕተት ሊጻፍ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላው ነው። ሰዎች ለሐኪም በእምነት የሰጡት ቃል በወረቀት ተቀምጦ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ወረቀቱ ያለበት ቤት በር በአንድ ጠዋት ተሰበረ። ቃል የሚሰበስብ ሁሉ መዝገቡ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወሬው የተነሣው በጋዜጣ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1952 የኒውዮርክ ጋዜጣ የቀድሞዋን ወታደር የክሪስቲን ጆርገንሰንን ታሪክ በፊት ገጹ አወጣ። በኮፐንሃገን ያከሟቸው የሆርሞን ሊቅ ክሪስቲያን ሐምቡርገር ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከየአገሩ ደብዳቤ ይጎርፍላቸው ጀመር። ብዙ ሰው በእሳቸው ቦታ ቢሆን ወረቀቱን ጥሎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ሐምቡርገር ግን ከአንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ የ465 ሰዎችን ደብዳቤ ሰብስበው፣ ለይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በሆርሞን ሕክምና መጽሔት አሳተሙት። እስከዚያ ድረስ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚታይ ተብሎ የታሰበው ነገር በየአገሩ ያለ መሆኑ የታወቀው ሐኪሙ ፖስታ መክፈት ስላልታከቱ ነው።

በዚያው ዘመን በሳን ፍራንሲስኮ ሉዊዝ ሎረንስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሐኪም አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሴትነት የኖሩ ናቸው። እንደ እሳቸው ካሉ ሰዎች ጋር ከከተማ ከተማ ደብዳቤ እየተጻጻፉ የሕይወት ታሪካቸውን ይሰበስቡ ነበር፤ ያሰባሰቡትንም የሰውን ወሲባዊ ጠባይ ያጠና ለነበረው ለአልፍሬድ ኪንሴይና በኋላ በመስኩ ስመ ጥር ለሆኑት ለዶክተር ሃሪ ቤንጃሚን ያካፍሉ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ለሐኪሞች ይናገሩ ነበር። የቤንጃሚን ስም በየመጽሐፉ ይጠራል፤ የሎረንስ ስም ግን ለረጅም ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ እንኳ አይገኝም ነበር።

ቤንጃሚን እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት መጽሐፍ በዚህ ሕክምና ታሪክ ውስጥ እንደ ዋና መመሪያ የሚቈጠር ነው። በዚያው ዓመት የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የፆታ ማንነት ክሊኒክ ከፈተ፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከተሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም ክሊኒኮቹ እንደ ጠያቂም እንደ ዳኛም ሆኑ። ታካሚው የሚሰጠው ቃል ሕክምና ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው የሚወሰንበት የፈተና ወረቀት ሆነ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ይሰማው ነበር? አካሉን ይጸየፋል? ከሕክምናው በኋላ ከሌላው ፆታ ጋር ተጋብቶ ሊኖር ያስባል? «አዎ» ያለ ይገባል፤ ያመነታ ይመለሳል። የቤንጃሚንን መጽሐፍ ደግሞ ታካሚዎቹም አንብበውታል፤ አንዱ ለሌላው ያውሰዋል። ተመራማሪዎቹ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ታሪክ ይዞ መምጣቱን ለሳይንሳቸው እውነተኛነት ማስረጃ አድርገው ተመለከቱት። ታካሚዎቹ የሐኪሙን መጽሐፍ ለሐኪሙ መልሰው እያነበቡለት መሆኑን ለመረዳት ብዙ ዓመት እንደፈጀባቸው ሳንዲ ስቶን የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጽሑፋቸው አስረድተዋል።

ለዚህ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ፤ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ቢነገር የሚጠቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ሐኪም ሮበርት ስቶለር ዘንድ የ19 ዓመት ወጣት መጣች። በጥናቱ ውስጥ «አግነስ» በሚል ስም ትታወቃለች። የተወለደችው በወንድ ብልት ነው፤ አካላቷ ግን በጉርምስና ዕድሜዋ እንደ ሴት ዳብሯል። ሐኪሞቹ አንድ ያልተለመደ የተፈጥሮ የሆርሞን ችግር ነው ብለው ደመደሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የጠየቀችውን ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ሶሲዮሎጂስቱ ሃሮልድ ጋርፊንክልም ከእርሷ ጋር ለብዙ ሰዓት ተነጋግረው፣ ሰው በየዕለቱ ሴትነቱን ወይም ወንድነቱን እንዴት እንደሚያስመሰክር የሚተነትን ሰፊ ምዕራፍ ጻፉ። ስቶለር ግኝቱን ለባልደረቦቻቸው አቀረቡ። ከዓመታት በኋላ አግነስ ለስቶለር እውነቱን ነገረቻቸው፤ ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ለእናቷ ታዝዞ የነበረውን የሴት ሆርሞን እንክብል እየሰረቀች ስትውጥ ኖራለች። የተፈጥሮ ችግር የተባለው አልነበረም። ጋርፊንክል እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው መጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ ይህን በተጨማሪ ገጽ ለመግለጽ ተገደዱ።

ይህን ያነበበ ሰው አግነስን በውሸታምነት ሊከስስ ይችላል። ነገር ግን ታሪኩን ከእርሷ ወገን መመልከት ይገባል። በዚያ ዘመን «የተፈጥሮ ስሕተት» ያለበት ሰው ቀዶ ሕክምና ያገኛል፤ «ይህ ማንነቴ ነው» የሚል ሰው ወደ አእምሮ ሆስፒታል ይላካል። ልጅቷ የትኛው መልስ በር እንደሚከፍት አውቃለች። ስሕተቱ ያለው ጥያቄው በቀረበበት ሁኔታ ላይ ነው፤ ሐኪሙ እውነትን እንዲሰማ ከፈለገ እውነትን የተናገረ የማይቀጣበት ቦታ ማዘጋጀት ነበረበት። ያ ባለመሆኑ የደረሰው ጉዳት በአንዲት ታካሚ ላይ ብቻ አልቀረም፤ አንድ የምርምር ግኝት ከመሠረቱ ተበላሸ።

ሌላው የዚያ ዘመን ሰው ሉ ሰሊቫን ናቸው። ሴት ተብለው ተወልደው በወንድነት የኖሩ፣ ወንዶችንም የሚወዱ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለስታንፎርድ ክሊኒክ ያመለከቱት ታሪክ ከተለመደው አይገጥምም ተብሎ ተመለሰ። ወደ ወንድነት የሚለወጥ ሰው ሴት መውደድ አለበት የሚለው ያልተጻፈ ደንብ አስቀድሞ ስለነበረ፣ እሳቸው እንዳይዋሹ ሆነው ሲጠየቁ ደንቡ አስወጣቸው። ሰሊቫን ግን አልተዉም፤ ለመሰሎቻቸው የመመሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ፣ ለሐኪሞች ደብዳቤ ጻፉ፤ የፈለጉትንም ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1986 በሌላ ቦታ አገኙ። ኤድስ ይዟቸው በነበረበት በመጨረሻዎቹ ዓመታት አይራ ፖሊ ከተባሉት የአእምሮ ሐኪም ጋር ካሜራ ፊት ቀርበው ረጅም ቃለ ምልልስ ሰጡ፤ ቃለ ምልልሱ ሐኪሞች እንዲማሩበት በቪዲዮ ተቀረጸ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዐረፉ። በመስኩ የነበረው ደንብ ከዚያ በኋላ ተለውጧል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ሁለት ነገር ሆነ። በቤንጃሚን ስም የተሠየመው ማኅበር ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የአገልግሎት ደረጃ አወጣ። በዚያው ዓመት ጆንስ ሆፕኪንስ 50 ታካሚዎችን ተከታትሎ ያወጣው ጥናት ቀዶ ሕክምናው ተጨባጭ ለውጥ አላመጣም ብሎ ደመደመ፤ ክሊኒኩም ተዘጋ። የጥናቱ መለኪያ ምን ነበር? የሥራ ደረጃ፣ ጋብቻ፣ የመኖሪያ ለውጥ፣ ከፖሊስ ጋር የተፈጠረ ችግር ነው። ታካሚዎቹ ራሳቸው እንደረኩ ጥናቱ ይገልጻል፤ በነጥብ አሰጣጡ ውስጥ ግን ርካታው አልገባም። ሆስፒታሉ አገልግሎቱን እንደገና የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ለውጡ ዘግይቶ መጣ፤ የመጣውም ጠያቂው ከዳኝነት ሲለይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በትራንስጀንደር ማኅበራት የተካሄደ ጥናት 27,715 ሰዎችን ስማቸውን ሳይጠይቅ አነጋገረ። በዓመቱ ወደ ጤና ባለሙያ ከሄዱት መካከል ከሦስት አንድ ያህሉ በማንነታቸው ምክንያት ቢያንስ አንድ ክፉ ነገር እንደገጠማቸው ተናገሩ፤ ከመቶ 23ቱ ደግሞ እንዳይንገላቱ ፈርተው ሕክምና ሲያስፈልጋቸው ሳይሄዱ ቀርተዋል። ይህ ቁጥር ከክሊኒክ መዝገብ ሊገኝ የማይችል ነው፤ ያልመጣ ሰው ካርድ የለውምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሜክሲኮው ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎችን ዝርዝር ለ11ኛ ጊዜ ሲያሻሽል፣ የፆታ አለመጣጣም የአእምሮ ሕመም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ቀረበ። በሊቃውንት ስብሰባ ብቻ ከመወሰን ይልቅ ሬቤካ ሮብለስና ባልደረቦቻቸው በሜክሲኮ ከተማ ኮንዴሳ በተባለው የመንግሥት ክሊኒክ 250 ትራንስጀንደር ሰዎችን ጠየቁ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ በጉርምስናችሁ ዘመን ጭንቀት ነበረባችሁ? በትምህርትና በሥራ ወደ ኋላ ቀርታችኋል? ቤተሰብ ገፍቷችኋል? ተደብድባችኋል? በአኃዝ ሲተነተን ጭንቀቱና ከኑሮ መሰናከሉ ከማንነቱ ራሱ ይልቅ ከመገለልና ከጥቃት ጋር የጠበቀ ዝምድና ያለው ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ባጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሚሠራበት ዝርዝር፣ ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከወሲባዊ ጤና ጋር በተያያዘው ምዕራፍ አስገባው። ክራፍት ኤቢንግ እብደት ብለው የጻፉት ከ130 ዓመት በኋላ ከዚያ መዝገብ ወጣ ማለት ነው።

ቃልን መስማት ግን ቃሉን ሁሉ እንደ ማስረጃ መቀበል አይደለም። ታካሚ የሚያውቀው የሚሰማውን ነው፤ አንድ መድኃኒት ከ20 ዓመት በኋላ በአጥንትና በልብ ላይ የሚያደርሰውን የሚያውቀው ክትትል ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የወጣው የዶክተር ሂላሪ ካስ የምርመራ ውጤት፣ ለወጣቶች የሚሰጠው የሆርሞን ሕክምና ያለበት ማስረጃ ደካማ መሆኑን ሲገልጽ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል፤ ክርክሩም አልበረደም። በዚያ ሥራ ውስጥ ግን ለዚህ ጽሑፍ የሚሆነው ሌላ ነው፦ ከወጣቶቹ ክሊኒክ ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ የተሻገሩ ታካሚዎች ምን እንደደረሱ ለማወቅ በተደረገው ሙከራ፣ ከሰባቱ የአዋቂ ክሊኒኮች ስድስቱ መዝገባቸውን ለማካፈል ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀርተው ነበር። በአንድ ወገን ታካሚውን የማይጠይቅ፣ በሌላ ወገን ጠይቆ የሰበሰበውን የሚደብቅ ተቋም አለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የታካሚን ቃል ሰምቶ አሠራርን ማስተካከል ለኢትዮጵያ ባለሙያ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኤች አይ ቪ በገባበት ዘመን ባለሙያው ስለ በሽተኛው ይናገር ነበር እንጂ በሽተኛው አይናገርም ነበር። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያና መቅድም ኢትዮጵያ የተባሉት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ማኅበራት ከተመሠረቱ በኋላ ግን ሰዎች በስማቸውና በፊታቸው ወጥተው በየሆስፒታሉ፣ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ የደረሰባቸውን ተናገሩ። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር ብዙ ሰው ካርድ ለማውጣት የደፈረው፣ ከእርሱ በፊት የደፈሩ ሰዎችን ቃል ስለሰማ ነው።

ከዚህ ይበልጥ ለጉዳዩ የሚቀርበው የፕሮፌሰር ጌትነት ታደለ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁር የሆኑት ጌትነት፣ በአዲስ አበባ ከወንዶች ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶችን ቃል ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም አቀፍ መጽሔቶች አሳትመዋል። የጥናቱ ሰዎች ትራንስጀንደር ስለሆኑ የተመረጡ አልነበሩም፤ ሁለቱን ማምታታት ከላይ የተባለውን የድሮውን ስሕተት መድገም ይሆናል። ነገር ግን በምስጢር የሚኖር ሰው ስለ ጤናው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ በአገራችን ቋንቋና በአገራችን ከተማ የተሠራ አርአያ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት ይቀጣል። አንቀጹ ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ፆታ ማንነት አይናገርም፤ ይሁን እንጂ በሕዝቡ ዘንድ ሁለቱ አንድ ተደርገው ስለሚታዩ ፍርሃቱ ለሁለቱም ይደርሳል። ይኸው ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ባለሙያ ይቀጣል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን በካርድ ክፍሉ መስኮት የቆመው ሰው ቀርቶ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠውም ሁሉ ያውቀዋል ማለት ያስቸግራል።

የሜክሲኮው ጥናት በኋላ በብራዚል፣ በፈረንሳይ፣ በሕንድ፣ በሊባኖስና በደቡብ አፍሪካ ተደግሟል። በአማርኛ ቢደገም ተርጓሚው መጀመሪያ የሚቸገረው በስያሜው ሳይሆን በአንቀጹ ነው። አማርኛ አድራጊውን በግሥ ውስጥ ስለሚለይ፣ ጠያቂው «ታመምክ» ወይም «ታመምሽ» ሳይል አንድ ጥያቄ እንኳ መጀመር አይችልም፤ ይህንንም ሲል ገና ሳይሰማ ፈርዷል። ይሁን እንጂ ቋንቋው መውጫም አበጅቷል። በ«እርስዎ» ውስጥ ወንድና ሴት የለም፤ «ምን ይሰማዎታል»፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የታመሙት»፣ «ማን ብዬ ልጥራዎ» ለሁሉም እኩል ነው። በዕድሜ ለገፉ ታካሚዎች በየጤና ጣቢያው በየዕለቱ የሚነገር ስለሆነም አዲስ መመሪያ ወይም አዲስ ቅጽ አይፈልግም፤ ለ19 ዓመት ወጣት መንገር ብቻ ነው ያልተለመደው።